«ቅኝት» የሚለው ቃል፦ ከክራር እስከ ዕለታዊ ንግግር



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ቃል ነው፤ ስለ «ቅኝት»። የመረጥሁትም የቃሉ ባለዕዳ ስለሆንሁ ነው። ለብዙ ዓመታት «ቅኝት ማለት ስኬል ነው» እያልሁ አስተምሬአለሁ። አንድ ተማሪ በፈተና ወረቀቱ ላይ «ቅኝት በመጀመሪያ ሥራ ነው» ብሎ ቢጽፍ ነጥብ ቀነስሁበት። በማግሥቱ ክራሩን ይዞ ቢሮዬ መጣ። በትዝታ ሜጀር ጥቂት ተጫወተና ሚንና ላን የሚሰጡትን ክሮች በግማሽ ድምፅ አላልቶ ያንኑ ደገመው። የሰማሁት ትዝታ ማይነር ነበር። ጣቶቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው የክሩ ውጥረት ነው። ነጥቡን መለስሁለት።

ተማሪው ትክክል ነበር። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የምንላቸው አራቱ ዋና ቅኝቶች እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፆች አሏቸው፤ እነዚህን በወረቀት ላይ በተርታ መጻፍ ይቻላል። «ቅኝት» ግን «ቃኘ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው። ክራር የሚቃኝ ሰው አንዱን ክር ከሌላው ጋር እያስተያየ ያዳምጣል፤ የላላውን ያጠብቃል፣ የጠበቀውን ያላላል። ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ለመሻገር ጨዋታውን አቁሞ እንደገና መቃኘት አለበት።

ቃሉ ከሙዚቃ ውጭም ሰፊ አገልግሎት አለው። ጦር ከመንቀሳቀሱ በፊት ቃኚ ይልካል፤ ቃኚው አይዋጋም፣ አይቶ ይመለሳል። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃም ስሙን የወረሰው ከራስ መኰንን የፈረስ ስም፣ ከ«አባ ቃኘው» ነው። ጋዜጠኛው «የሳምንቱ የስፖርት ቅኝት» ሲል ደግሞ ጉዳዩን ከዳር እስከ ዳር በዓይን መዳሰሱን ይነግረናል። ክራር ተጫዋቹ በጆሮው፣ ወታደሩና ጋዜጠኛው በዓይናቸው ይቃኛሉ፤ ሦስቱም ከሥራው በፊት ያለውን ጥንቃቄ ይጋራሉ።

ሌላም ገጽ አለው። ግእዙ «ቀነየ» ማስገዛትን፣ «ተቀንየ» መገዛትንና ማገልገልን ያመለክታል። «ቅኔ» የሚለው ስምም ከግጥሙ ሌላ አገልግሎትና መገዛት የሚል ፍቺ አለው። «ቅኝ ግዛት» በምንልበት ጊዜ የሚሰማን ይኸው የመገዛት ትርጉም ነው። ክርም ቢሆን ሲቃኝ ለሌላ እጅ ይታዘዛል።

ስለዚህ «ቅኝት»ን «ስኬል» ብለን ብቻ ብንተረጉመው ሁለት ነገር ይጠፋብናል፤ አስቀድሞ የሚያዳምጠው ጆሮና ክሩን የሚያጠብቀው እጅ። ይህ ኪሳራ በሙዚቃ ክፍል ብቻ አይቀርም። «በዚህ መንፈስ የተቃኘ ሥርዓተ ትምህርት»፣ «በዚያ አስተሳሰብ የተቃኘ መጽሐፍ» የሚሉ ሐረጎችን በየዕለቱ እናነባለን። «የተቃኘ» የሚለው ተገብሮ ግሥ ግን አድራጊውን ይሰውራል። እንዲህ ያለ ሐረግ ሲያጋጥማችሁ «ቃኚው ማን ነው? ከመቃኘቱ በፊትስ አዳምጧል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ሳላዳምጥ ነጥብ ቀንሼ ነበር፤ ያረመኝ ክራር ነው።