የሐበሻ ጎመን በዋሽንግተን ሐምሌ ለምን ያብባል?

«ሰመር» የሚለው ቃል በአማርኛ በጋ ተብሎ ይተረጎማል። ትርጉሙ ግን ከአገር ቤቱ የዘር ወቅት ጋር አይስማማም። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ክረምት ናቸው፤ ሰማዩ ይጠቁራል፣ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ጎመን በየጓሮው ይለመልማል። አዲስ አበባ በሐምሌ የቀን ሙቀቷ በአማካይ ወደ 70 ዲግሪ ፋራናይት ሲሆን፣ ዋሽንግተንና በዙሪያዋ ያሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች ግን በዚሁ ወር 90 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳሉ።

ከጓሮው የሐበሻ ጎመን የዘራ ሰው በግንቦት የለመለመ መደቡን እያየ ይደሰታል። ሐምሌ ሲገባ ግን ተክሉ ግንዱን ሽቅብ አስረዝሞ ቢጫ አበባ ያወጣል፤ ቅጠሉ ይሻክራል፣ ይመራልም። ብዙዎች ጥፋቱን በዘሩ ወይም በገዛ እጃቸው ያላክካሉ። ጥፋቱ የሁለቱም አይደለም።

ምክንያቱ በከፊል ከተክሉ ትውልድ ይጀምራል። በሳይንሳዊ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ የሚባለው የሐበሻ ጎመን የሁለት ዝርያዎች ድቅል ነው። ናጋሃሩ ዩ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው ጥናት የዚህን ቤተሰብ ዝምድና አስረድቷል፦ ስምንት ጥንድ ክሮሞሶም ያለው ጥቁር ሰናፍጭና ዘጠኝ ጥንድ ያለው የጥቅል ጎመን ዝርያ ተዳቅለው አሥራ ሰባት ጥንድ ያለውን የሐበሻ ጎመን አስገኝተዋል። በአሜሪካ ገበያ በጎመን ፈንታ የሚገዛው ኮላርድም ከጥቅል ጎመኑ ዝርያ ነው። እንግዳ የሚመስለው ቅጠል ለካ የቅርብ ዘመድ ኖሯል!

ዘመድነቱ ግን ጠባያቸውን አንድ አላደረገውም። ኮላርድ ለማበብ የክረምት ብርድ ማሳለፍ ስለሚፈልግ በፀደይ ተዘርቶ በጋውን በቅጠሉ ይዘልቃል። የሐበሻ ጎመን ይህን ብርድ አይጠብቅም፤ የቀን መርዘምና ሙቀት ያጣድፉታል። አዲስ አበባ ላይ የዓመቱ ረጅሙ ቀን ከ12 ሰዓት ተኩል እምብዛም አያልፍም። ዋሽንግተን ውስጥ በሰኔ ወደ 15 ሰዓት ይጠጋል፤ ስቶክሆልም ላይ ከ18 ሰዓት በላይ ነው። ተክሉ ብርሃኑን ለክቶ የዘር ጊዜዬ ደረሰ ብሎ ይቸኩላል።

መፍትሔው የዘር ወቅቱን ማዛወር ነው። በዋሽንግተን አካባቢ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ የተዘራ ጎመን ሙቀቱ ሳይበረታ ይበላል። በሐምሌ ላይ ያለውን ደግሞ ከሥሩ ጀምሮ ቅጠሉን ቶሎ ቶሎ መቀንጠስ፣ ከቀትር በኋላ ጥላ ማድረግ፣ አፈሩን በደረቅ ሣር መጎዝጎዝና ማለዳ ሥሩን ማጠጣት ማበቡን ጥቂት ያዘገዩታል እንጂ አያስቀሩትም። ያበበውን ሁሉ መንቀል ግን አያስፈልግም። ሁለት ሦስት ግንድ ቢተው አበባው ንቦችን ይጠራል፣ ፍሬው ሲደርቅም ለመጪው ዓመት ዘር ይሆናል። እናቶች የእንጀራ ምጣድ የሚያሰሱበት ጎመን ዘርም ከዚሁ ተክል የሚገኝ ነው።

ቲማቲምም በዚህ ወቅት አበባውን ያራግፋል። ቀኑ ከ90፣ ሌሊቱም ከ75 ዲግሪ ሲያልፍ የአበባው ብናኝ ስለሚዳከም ፍሬ አይቋጠርም። ደንግጦ ማዳበሪያ መጨመር ቅጠል ከማብዛት በቀር የሚፈይደው የለም፤ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ተክሉ ራሱ ፍሬ ማፍራት ይጀምራል።

በሙቀቱ የሚፈነጥዘው በሶብላ ነው። ለቅጠሉ የሚፈልገው ሰው ጫፉን ይቀነጥሳል፤ ለቅመም የሚያደርቀው ደግሞ እስኪያብብ ይተወዋል። አጠገቡ ዱባ ካለ ጥቅሙ ድርብ ነው። የዱባ ወንዴና ሴቴ አበቦች ለየብቻ ናቸው፤ ማለዳ ተከፍተው ወደ እኩለ ቀን ስለሚጠወልጉ በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ንብ ካልመጣ ፍሬ የለም። የተባይ መድኃኒት በጠዋት መርጨት ስለዚህ ዱባውን ራሱን መጉዳት ነው።

ጤና አዳም ግን ጥንቃቄ ይሻል። ጭማቂው ቆዳ ላይ አርፎ ፀሐይ ሲመታው እንደ እሳት ቃጠሎ ያለ ውኃ የቋጠረ ቁስል ሊያወጣ ይችላል። ምልክቱ የሚታየው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ በመሆኑ ብዙ ሰው ከተክሉ ጋር አያያይዘውም። አመሻሽ ላይ ጓንት አድርጎ መቁረጥና እጅን በሳሙና መታጠብ ይበቃል፤ ልጆች ግን በቀትር ፀሐይ እንዳይጫወቱበት ያስፈልጋል።

ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ አፈሩን ለእርሳስ ማስመርመር ቅጠል ከመብላት ይቀድማል፤ በዚያ ዓመት እስኪታገድ ድረስ የቤት ቀለም እርሳስ ይኖርበት ነበርና፣ የተላጠው ቀለም ግድግዳው ሥር ይከማቻል። እርሳስ የተገኘበት ሰው ንጹሕ አፈር በሞላው ከፍ ያለ መደብ ላይ ይተክላል። ሁለተኛው የጎመን ዘር መሬት የሚገባው በፈረንጆቹ ነሐሴ አጋማሽ ነው። ቀኑ እያጠረ፣ ሌሊቱ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ ያ ጎመን ለአበባ አይቸኩልም፤ የመጀመሪያው ለጋ ቅጠልም ለመስቀል ሰሞን ይደርሳል።