ከቀረጻው በፊት የሚጀመር ኤዲቲንግ

ንግግሬን የምጀምረው በራሴ ስህተት ነው። በተማሪነቴ ዘመን ባዘጋጀሁት አጭር ፊልም ውስጥ አንዲት እናት በእጇ የያዘችውን ደብዳቤ እያነበበች ታለቅሳለች። ካሜራውን ወደ ፊቷ አቅርበን ቀረጽን፤ ተዋናይቷም ድንቅ ነበረች። ኤዲቲንግ ክፍል ስንገባ ግን ደብዳቤውን አለመቅረጻችንን ተረዳሁ። እናቲቱ ወደ ታች እያየች ታነባለች፤ ምን እንዳየች የሚያውቅ ተመልካች የለም። የተከራየነውን ቤት አስረክበን ስለነበር ትዕይንቱን ጣልነው።

ልምድ ያለው ዳይሬክተር ካሜራውን ከማቆሙ በፊት ይህ ምስል የትኛውን ተከትሎ ይመጣል፣ ወደ የትኛውስ ያሸጋግራል ብሎ ይጠይቃል። አንድ ሰው ሲቀመጥ ከሩቅም ከቅርብም የሚቀረጽ ከሆነ፣ ተዋናዩ በሁለቱም ቀረጻ መቀመጡን ከመነሻው እስከ መጨረሻው እንዲደግም ያደርጋል። ኤዲተሩም ሁለቱን በእንቅስቃሴው መካከል ያገናኛቸዋል፤ ዓይናችን እንቅስቃሴውን ሲከተል መጋጠሚያውን ሳያስተውል ያልፋል። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሲነጋገሩ ደግሞ በመካከላቸው መስመር እንደተሰመረ ቆጥረን ካሜራውን ከመስመሩ በአንድ ወገን እናቆያለን። ተሻግረን የቀረጽን እንደ ሆነ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚመለከቱ ይመስላሉ።

በዚህ ረገድ አልፍሬድ ሂችኮክን የሚያህል ምሳሌ አላገኘሁም። እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣው «ሳይኮ» ውስጥ ያለው የመታጠቢያ ቤት ግድያ አስቀድሞ በሥዕል ተነድፎ ነበር። ለጥቂት ደቂቃዎች ትዕይንት አንድ ሳምንት ያህል ቀረጻ ፈጅቷል። አንድ ቁራጭ ለብቻው ሲታይ እጅ ወይም ውኃ ወይም የተከፈተ አፍ ብቻ ነው፤ ግድያው ያለው በመጋጠሚያው ላይ ነው።

ሂችኮክ ይህን ዘዴ ለሥልጣንም ተጠቅሞበታል፤ ለእኔ ከሁሉ የሚያስገርመኝም ይህ ነው። «ርብቃ»ን (1940) ሲሠራ ፕሮዲዩሰሩ ዴቪድ ሴልዝኒክ የዳይሬክተሮችን ፊልም ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ እንደ ገና የመሥራት ልማድ ነበረው። ሂችኮክ የሚያስፈልጉትን ቁራጮች ብቻ ቀረጸ፤ ከእርሱ አሳብ ውጭ እንዳሻቸው ሊገጣጥሟቸው አዳጋች ነበር። ሴልዝኒክ በዚህ አሠራር ተማሯል።

ሆኖም ጀማሪ ይህን ቁጥብነት እንዲኮርጅ አልመክርም። ሂችኮክ ፊልሙን በአሳቡ ጨርሶ ስለሚመጣ ሊቆጥብ ይችል ነበር፤ እኔ የቆጠብሁት ግን ደብዳቤውን ነበር።

«አንድም ቁርጥ የሌለው ፊልምስ?» የሚል ሰው አይጠፋም። «ሮፕ» (1948) እንደዚያ ለመምሰል የሞከረ ሥራ ነው። በካሜራው የሚገባው ጥቅል ግን ዐሥር ደቂቃ ገደማ ብቻ ይቀርጽ ስለነበር፣ ጥቅሉ ሊያልቅ ሲል ካሜራው አንዳንድ ጊዜ ወደ አንዱ ተዋናይ የኮት ጀርባ ይጠጋና ማያ ገጹን ያጨልመዋል፤ ቀጣዩ ቀረጻም ከዚያው ጨለማ ይነሣል። ተዋናዩ በዚያች ቅጽበት የት መቆም እንዳለበት የሚወሰነው ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ነበር።