ቦነሱ ቴክሳስ ገባ፣ ታክሱ ካሊፎርኒያ ቀረ

ወደ ዳላስና ፎርት ዎርዝ አካባቢ የሚመጣ ሰው ሻንጣውን ሳይፈታ የሚሰማው አንድ ነገር አለ፦ «እዚህ እኮ ስቴት ታክስ የለም!» እውነት ነው። ቴክሳስ ከደመወዝ ላይ የገቢ ግብር አይወስድም። በ2019 መራጩ ሕዝብ በግለሰብ ገቢ ላይ ግብር መጣልን የሚከለክል ማሻሻያ በስቴቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ እንዲገባ በድምፁ አጽድቋል። ነገር ግን ቴክሳስ አይወስድም ማለት የለቀቃችሁት ስቴትም ይተዋችኋል ማለት አይደለም። ይህ በተለይ የሚያጋጥመው በቦነስ ላይ ነው፤ ቦነስ የተሠራበት ጊዜና የተከፈለበት ጊዜ ይራራቃልና።

በምሳሌ እንየው። አንዲት የማኅበራችን አባል ተመርቃ ሳን ሆዜ ሥራ ጀመረች እንበል። እስከ ሴፕቴምበር 2024 መጨረሻ እዚያ ሠራች። ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ወደዚያው ድርጅት የፕሌኖ ቢሮ ተዛወረች፤ ጋርላንድም ቤት ተከራየች። የ2024 ሥራዋ ቦነስ 12,000 ዶላር የተከፈላት በማርች 2025 ነው። በዚያ ቀን የቴክሳስ ነዋሪ ናት፤ ገንዘቡም የገባው ቴክሳስ እያለች ነው። ታዲያ ለካሊፎርኒያ ምን ዕዳ አለባት?

አለባት። ካሊፎርኒያ ነዋሪ ላልሆነ ሰው የሚጠይቀው «ገንዘቡ የት ተከፈለ?» ብሎ ሳይሆን «ሥራው የት ተሠራ?» ብሎ ነው። የሚቆጠረውም ቦነሱ የተገኘበት ዘመን የሥራ ቀን ነው። ከዓመቱ ሥራዋ ሦስት አራተኛው ካሊፎርኒያ ከተሠራ፣ ከ12,000 ዶላሩ 9,000 የካሊፎርኒያ ገቢ ነው። ቀሪው 3,000 ግን ካሊፎርኒያን አይመለከትም።

«9,000 ዶላር ትንሽ ነው፣ ግብር አይደርስበትም» ማለትም አያዋጣም። ካሊፎርኒያ ከመቶ ስንት እንደሚያስከፍል የሚወስነው የዓመቱን ጠቅላላ ገቢ፣ የቴክሳሱን ደመወዝ ጨምሮ፣ አይቶ ነው። ከዚያ በኋላ ግብሩን የሚጥለው በራሱ ድርሻ ላይ ብቻ ነው። ለዚህ የሚሞላው ቅጽ 540ኤንአር ይባላል።

ደመወዝ ክፍል ቦነስ ሲከፍል አስቀድሞ የሚቆርጠው ሌላ ነገር ነው። ፌዴራሉ ብዙውን ጊዜ 22 ከመቶ፣ ካሊፎርኒያ ደግሞ በቦነስ ላይ 10.23 ከመቶ ያስቆርጣሉ። ይህ ቅድሚያ ክፍያ እንጂ የመጨረሻው ግብር አይደለም። ስህተትም የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። በ9,000 ዶላር ላይ ቢቆረጥ 920.70 ዶላር ነው፤ በስህተት በሙሉው 12,000 ላይ ቢቆረጥ ግን 1,227.60 ይሆናል። ምንም ካልተቆረጠ ደግሞ ዕዳው በኋላ በደብዳቤ ይመጣል፤ ቅጣትና ወለድም ሊጨመርበት ይችላል።

ስለዚህ ደብሊው-ቱ ሲደርሳችሁ ሣጥን 15፣ 16 እና 17ን ተመልከቱ። 15 ስቴቱን፣ 16 ለዚያ ስቴት የተመዘገበውን ደመወዝ፣ 17 የተቆረጠውን ግብር ያሳያሉ። ከካሊፎርኒያ ድርሻ በላይ ተመዝግቦ ካያችሁ፣ የተስተካከለ ደብሊው-ቱ እንዲሰጣችሁ ደመወዝ ክፍሉን ጠይቁ። በትርፍ የተቆረጠውን ለማስመለስ ካሊፎርኒያ በጊዜው ላመለከተ ሰው በአጠቃላይ የ4 ዓመት ጊዜ ይሰጣል።

ተቃራኒው ጉዞ ደግሞ ብዙዎችን ያስገርማል። ዓመቱን ሙሉ ኧርቪንግ ሠርታችሁ፣ ቦነሱ ሳይከፈል ካሊፎርኒያ ገብታችሁ ነዋሪ ከሆናችሁ፣ ሥራው በሙሉ ቴክሳስ ቢሠራም ካሊፎርኒያ ሙሉውን ቦነስ ግብር ታስከፍላለች፤ ነዋሪዋን የምታስከፍለው ገቢው ከየትም ይምጣ ከየት ነው። ቴክሳስ ያስከፈላችሁ ግብር ስለሌለም የሚቀናነስላችሁ ነገር የለም። የመዛወሪያ ቀናችሁን መምረጥ የምትችሉ ከሆነ፣ ቦነሱ የሚከፈልበትን ቀን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከዋሽንግተን አካባቢ ለሚመጡም አንድ ቃል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያም በዚያ ከተሠራ ሥራ የተገኘን ገቢ ነዋሪ ካልሆነ ሰው ያስከፍላሉ። ዲሲ ግን ኮንግረስ በ1973 ባወጣው የራስ አስተዳደር ሕግ መሠረት ነዋሪ ያልሆነን ሰው ገቢ ግብር እንዳታስከፍል ተከልክላለች።

ገና ተማሪ የሆናችሁም ብትሆኑ ነገሩ ይመለከታችኋል፤ ክረምቱን ካሊፎርኒያ በኢንተርንሺፕ የሠራ የቴክሳስ ተማሪ ደመወዙ በዚያ የተገኘ ገቢ ነው።

ከመዛወራችሁ በፊት እነዚህን በአንድ ፎልደር አስቀምጡ፦ የዝውውር ደብዳቤ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ በየስቴቱ የሠራችሁባቸው ቀናት፣ የመጨረሻና የመጀመሪያ የደመወዝ ወረቀት። የቴክሳስ መንጃ ፈቃድም በ90 ቀን ውስጥ አውጡ፤ ሕጉ ይጠይቃል፣ መቼ ነዋሪ እንደሆናችሁም ለማስረዳት ይጠቅማል። ለደመወዝ ክፍሉም አዲሱን አድራሻ ብቻ ሳይሆን ሥራ የምትሠሩበት ስቴት የተለወጠበትን ቀን በጽሑፍ አሳውቁ። ያቺ አንዲት ኢሜል ከዓመት በኋላ ከሚመጣ ደብዳቤ ታድናለች።