የታና ወንዝ ሲሞላ ኪሳራውን ማን ይሸከማል? የጎርፍ መድን ለገጠሩ ነዋሪ ያልደረሰባቸው ምክንያቶች

በኬንያ ታና ሪቨር ካውንቲ የሚኖር ገበሬ ሰማዩ ጠርቶ፣ በመንደሩ ጠብታ ዝናብ ሳይጥል ማሳውን ጎርፍ ሊወስድበት ይችላል። ዝናቡ የሚዘንበው በመቶዎች ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ፣ በኬንያ ተራራና በአበርዴር ከፍታዎች ነው። ውኃው ቀናት ተጉዞ ሜዳው ላይ ሲደርስ የወንዙን ዳርቻ ጥሶ በቆሎውን፣ ሙዙን፣ የጭቃ ቤቱንና የተከማቸውን እህል ይዞ ይሄዳል።

ይህ በተደጋጋሚ ሆኗል። በ2023 መገባደጃ ከኤል ኒኞ ጋር የተያያዘ ከባድ ዝናብ በኬንያ ከ100 በላይ ሰዎችን ገድሎ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩትን አፈናቀለ። ተፈናቃዮቹ ገና ሳያገግሙ ከመጋቢት እስከ ግንቦት 2024 የዘነበው ዝናብ ዳግም ጎርፍ አስከተለ፤ በአገሪቱ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። በታና ዳርቻ ጋሪሳን ከናይሮቢ የሚያገናኘው መንገድ በውኃ ተቆረጠ። በጀልባ ለመሻገር ከሞከሩት መካከልም ሕይወታቸውን ያጡ ነበሩ።

ከእያንዳንዱ ጎርፍ በኋላ አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ ለመኪናም ለሕንፃም መድን ካለ፣ ለእነዚህ ሰዎች ስለ ምን አይኖርም?

የማይሸሹት ወንዝ

ከኢትዮጵያው ጣና ሐይቅ ጋር በስም የሚቀራረበው ታና፣ የኬንያ ረጅሙ ወንዝ ነው። ከማዕከላዊው ደጋ ተነሥቶ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ ኪፒኒ አጠገብ ከሕንድ ውቅያኖስ ይቀላቀላል። ስሙን የወረሰው ካውንቲ በአብዛኛው ደረቅ በመሆኑ ሕይወት ያለችው በወንዙ ዳር ነው።

የፖኮሞ ማኅበረሰብ ገበሬዎች ሩዝ፣ በቆሎ፣ ሙዝና ማንጎ የሚያለሙት ሙላቱ በሚተወው ለም ደለል ላይ ነው። የኦርማና የዋርዴይ አርብቶ አደሮችም በበጋ ከብቶቻቸውን ወደ ወንዙ ያወርዳሉ። ስለዚህ ጎርፉ ጠላት ብቻ አይደለም፤ ልኩን ጠብቆ ሲመጣ ሲሳይ ነው። ሰዎች ከአደጋው ስፍራ ያልራቁት አደጋውን ስላላወቁ ሳይሆን፣ እንጀራቸው ያለው እዚያው ስለሆነ ነው።

በወንዙ የላይኛው ክፍል ከ1968 እስከ 1988 ባሉት ዓመታት ሥራ የጀመሩ ኪንዳሩማ፣ ካምቡሩ፣ ጊታሩ፣ ማሲንጋና ኪያምቤሬ የተባሉ አምስት የኃይል ማመንጫ ግድቦች አሉ። ትልቁ ማሲንጋ ሲገነባ 1.56 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ እንዲይዝ ታስቦ ነበር። ግድቦቹ መጠነኛ ሙላትን ያስታግሳሉ። ዝናቡ በርትቶ ሲሞሉ ግን ትርፉ ውኃ ወደ ታች መውረዱ አይቀርም፤ በ2024 የሆነውም ይኸው ነበር።

ስሌቱ የሚከብድበት ቦታ

መድን የሚሠራው ብዙዎች ጥቂት ጥቂት አዋጥተው ጉዳት የደረሰባቸውን ጥቂቶች ሲክሱ ነው። የአንዱ ቤት ሲቃጠል የሌሎቹ መቶዎች ቤት ደኅና ነው። ጎርፍ ግን ይህን መሠረት ያፈርሳል። ወንዙ ሲሞላ የሚጎዳው አንድ ገበሬ ሳይሆን መንደሩ በሙሉ ነው፤ ሁሉም በአንድ ሳምንት ውስጥ ካሣ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ችግር ዋጋ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ 50,000 የኬንያ ሺሊንግ የሚያወጣ ሰብል በአማካይ በየአምስት ዓመቱ አንድ ጊዜ በጎርፍ ቢጠፋ፣ ኪሳራውን ብቻ ለመሸፈን ገበሬው በየዓመቱ 10,000 ሺሊንግ ዓረቦን መክፈል አለበት። የመድን ድርጅቱ ወጪ፣ ትርፍና ለጠለፋ መድን የሚከፍለው ሲታከልበት ክፍያው ከዚህም ይበልጣል። ከምርቱ አንድ አምስተኛውን ለዓረቦን የሚያውል ትንሽ ገበሬ ማግኘት ያዳግታል።

ሦስተኛው ጉዳቱን የመገመት ጣጣ ነው። መንገዱ በውኃ በተቆረጠ አካባቢ ባለሙያ ልኮ የእያንዳንዱን ቁራሽ ማሳ ኪሳራ ማስላት ከካሣው ራሱ የበለጠ ወጪ ሊጠይቅ ይችላል።

ችግሩ የድሃ አገሮች ብቻ አይደለም። ዩናይትድ ስቴትስ በ1968 በመንግሥት የሚደገፍ የጎርፍ መድን ያቋቋመችው የግል ኩባንያዎች ሥጋቱን በመሸሻቸው ነበር። ብሪታኒያም በጎርፍ ቀጠና ለሚገኙ ቤቶች ዓረቦኑን ለማርከስ በ2016 ልዩ የጋራ የጠለፋ መድን ሥርዓት ጀምራለች።

ለድርቅ የተሰፋ ልብስ

ታና ሪቨር ከመድን ጋር ፈጽሞ የማይተዋወቅ ካውንቲ አይደለም። የኬንያ መንግሥት በ2015 የጀመረው የእንስሳት መድን መርሐ ግብር ኋላ ላይ ታና ሪቨርን ጨምሮ ስምንት ደረቅ ካውንቲዎችን አካቶ ነበር። ከዚያ ወዲህም በዓለም ባንክ ድጋፍ ኬንያን፣ ኢትዮጵያን፣ ሶማሊያንና ጅቡቲን ያቀፈ ተመሳሳይ ፕሮጀክት ተጀምሯል። በኢትዮጵያም የቦረና አርብቶ አደሮች ይህን ዓይነቱን መድን ከ2012 ጀምሮ ያውቁታል።

አሠራሩ ብልሃት አለው። ማንም የሞተ ከብት አይቆጥርም፤ ሳተላይት የግጦሹን ልምላሜ ይለካል። ልምላሜው ከተወሰነ መጠን ሲያንስ ክፍያው ይፈጸማል።

ይሁን እንጂ ይህ መለኪያ የተቀመረው ለድርቅ ነው። ጎርፍ ፍየሎችን ጠራርጎ ከሄደ ከሳምንታት በኋላ መሬቱ ይለመልማል። ከላይ ለሚመለከተው ሳተላይት ዘመኑ ጥጋብ ነው፤ መንጋው ያለቀበት አርብቶ አደር ግን በአረንጓዴ ሜዳ መካከል ባዶ እጁን ቆሟል።

እምነትም የራሱ ድርሻ አለው። ከካውንቲው ነዋሪዎች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ሲሆኑ፣ ወለድና ግልጽነት የጎደለው ውል ያለበትን መደበኛ መድን የማይቀበሉ ብዙዎች ናቸው። ለዚህ መልስ የሚሆነው አባላት በመረዳዳት መርሕ የሚያዋጡበት ታካፉል ነው። በዋጂር ካውንቲ በዚህ መንገድ የተዘጋጀ የእንስሳት መድን በ2014 ለአርብቶ አደሮች ካሣ ከፍሏል።

ምን አማራጭ አለ?

አንዱ መንገድ የወንዙን ከፍታ ራሱን መለኪያ ማድረግ ነው። በጋሪሳ የሚለካው የውኃ ከፍታ አስቀድሞ ከተወሰነ ደረጃ ካለፈ ገምጋሚ ሳይላክ ገንዘቡ በተንቀሳቃሽ ስልክ ሊደርስ ይችላል። የሞባይል ገንዘብ ከ2007 ጀምሮ በተለመደባት ኬንያ የማስተላለፊያው መንገድ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። እንከኑ ቁጥሩና እውነታው የማይገናኙበት ጊዜ መኖሩ ነው፦ ማሳው የተጥለቀለቀ ሰው ወንዙ ከተባለው ደረጃ በጥቂቱ በማነሱ ምንም ላያገኝ፣ ያልተነካው ጎረቤቱ ደግሞ ሊከፈለው ይችላል። እንዲህ ያለ አንድ ገጠመኝ የመንደሩን እምነት ለዓመታት ያጠፋል።

ሁለተኛው በአካባቢው አማካይ ምርት ላይ የተመሠረተ የሰብል መድን ነው። ኬንያ በ2016 በጥቂት ካውንቲዎች የጀመረችው ይህ ዓይነቱ መድን የአካባቢው ምርት ከተወሰነ መጠን ሲቀንስ ይከፍላል። ምክንያቱ ድርቅም ሆነ ተባይ ወይም ጎርፍ ልዩነት የለውም።

ሦስተኛው መድኑን ከገበሬው ትከሻ አንሥቶ ለመንግሥት ማሸከም ነው። በ2012 የተቋቋመው የአፍሪካ ኅብረት ተቋም፣ አፍሪካን ሪስክ ካፓሲቲ፣ አገሮች ራሳቸው ዓረቦን ከፍለው አደጋ ሲደርስ ፈጣን ገንዘብ እንዲያገኙ የሚያደርግ ነው። ጥያቄው ለመንግሥት ካዝና የገባው ገንዘብ በስንት ጊዜ ወንዝ ዳር ይደርሳል የሚለው ነው።

አራተኛው ጭራሹኑ መድን ያልሆነ ነው፦ ትንበያው ጎርፍ ሲያመለክት ውኃው ከመድረሱ በፊት ገንዘብ መስጠት። የኬንያ ቀይ መስቀል ማኅበርም ይህን መሰል ቅድመ ዝግጅት ይሠራል። በታና ዝናቡ ከደጋው ወርዶ እስኪደርስ ቀናት ስለሚወስድ፣ እነዚያ ቀናት ከብት ለማሸሽ፣ እህል ለማውጣትና አረጋውያንን ከፍ ወዳለ ስፍራ ለማድረስ ይበቃሉ።

የታና ጉዳይ የአካባቢው ሁሉ ጉዳይ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ የሚነሣው ዋቢ ሸበሌ በ2023 የሶማሊያዋን በለድወይን አጥለቅልቋል። ኦሞ በዳሰነች፣ አዋሽም በአፋር በተመሳሳይ መንገድ ሰዎችን አፈናቅለዋል። በሁሉም ዘንድ ዝናቡን የሚያየው አንዱ፣ ጎርፉን የሚቀበለው ሌላው ነው።

ማንኛውም መድን ግን ወንዙን አይመልስም። በየጥቂት ዓመቱ ለሚመጣ ሙላት የሚበጀው ቤትን ከፍ ካለ ስፍራ መሥራት፣ የማስጠንቀቂያ መልእክትን በሚገባ ቋንቋ ማድረስና የወንዙን መተንፈሻ ሜዳ አለመዝጋት ነው። መድን የሚያዋጣው እነዚህ ተደርገው ለሚተርፈው፣ አልፎ አልፎ ለሚመጣው ታላቅ ጎርፍ ነው። እስከዚያው ድረስ መድን ሰጪዎቹ ዘመድና ጎረቤት ናቸው፤ ይሁንና ወንዙ ሲሞላ የእነሱም ቤት በውኃ ውስጥ ነው።