የማይታየው የትራፓኖ ኃይልና መለኪያው

በቤቴል የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች በርና መስኮት ሲሠራ ድምፃቸው ጎልቶ ከሚሰማው መሣሪያዎች አንዱ ትራፓኖ ነው። ወጣቶችን በዚህ ሙያ ለማሠልጠን የሚያቅድ ሰበካ ጉባኤ ማሽኑን ከመግዛቱ አስቀድሞ ፑንታው ብረት ሲበሳ ስለሚፈጠረው ኃይል ሊያውቅ ይገባዋል። ይህ ኃይል በዓይን ስለማይታይ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ፑንታው ከተሰበረ ወይም የሠልጣኙ እጅ ከተጎዳ በኋላ ነውና።

ኃይሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፑንታውን ወደ ታች የሚያስገባው ግፊት ሲሆን፣ ሁለተኛው የሚበሳውን ብረት ከፑንታው ጋር አብሮ ለማሽከርከር የሚታገለው የመጠምዘዝ ኃይል ነው። ፑንታው በዶለዶመ መጠን ሁለቱም ይጨምራሉ፤ ሙቀቱም ከፍ ይላል።

መለኪያው የሚነደፈው ብረት ኃይል ሲያርፍበት በጥቂቱ መለጠጡን መሠረት አድርጎ ነው። ሎርድ ኬልቪን እ.ኤ.አ. በ1856 ሽቦ ሲለጠጥ ኤሌክትሪክን የመቋቋም ባሕርዩ እንደሚለወጥ አሳዩ። በዚሁ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1938 በአሜሪካ ስትሬን ጌጅ የተባለው ስስ መለኪያ ተሠራ። ጌጆቹ ከሚበሳው ብረት ሥር በሚቀመጥ መደገፊያ ላይ፣ ግፊቱንና መጠምዘዙን ለይተው እንዲያሳዩ በተለያየ አቅጣጫ ይለጠፋሉ፤ ምልክታቸውም በማጉያ አልፎ ወደ ኮምፒዩተር ይገባል።

ችግሩ የሚበረታው በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ነው። መደገፊያው ቀጭን ቢሆን ጥቂቱን ኃይል ሳይቀር ይለያል፤ ነገር ግን እንደ ክራር አውታር ይርገበገባል። ሁለት ስለት ያለው ፑንታ በደቂቃ 3000 ጊዜ ቢዞር ስለቶቹ በሰከንድ 100 ጊዜ ይመላለሳሉ። ስለዚህ የመሣሪያው የራሱ ንዝረት ቢያንስ የዚህ አራት እጥፍ፣ ማለትም በሰከንድ 400 እንዲሆን ይመከራል። አለዚያ የሚለካው የፑንታውን ኃይል ሳይሆን የራሱን መንቀጥቀጥ ይሆናል። ከሥራ በፊትም በታወቀ ክብደት ይፈተናል፤ 10 ኪሎ ግራም ሲጫንበት 98 ኒውተን ያህል ማሳየት አለበት።

የሰበካ ሥራ ቤት ይህን መሣሪያ እንዲገዛ አይጠበቅበትም፤ ትምህርቱ ግን ይጠቅመዋል። የሚበሳው ብረት በሞርሳ ይታሰር እንጂ በእጅ አይያዝ። ፑንታው ሳይዶለዱም ይሳል። ጓንትና የተንዘረፈፈ ልብስ ከሚዞር ፑንታ ይራቅ፤ የዓይን መከላከያም አይለይ። ኮሚቴዎች በጀት ሲይዙ የሞርሳውንና የመነጽሩን ዋጋ ከማሽኑ ዋጋ ጋር አብረው ቢያስቡ፣ ሙያ ሊማር የመጣ ልጅ አካሉ ሳይጎድል ወደ ቤቱ ይመለሳል።