ስንታመም ምን እንጠጣለን? ከአጥሚት እስከ ነሻ

ዘንድሮ ዝናቡ ካበቃ በኋላ ክፍላችን ውስጥ ባዶ ወንበር በዝቶ ነበር። አንዱን ጉንፋን፣ አንዷን ወባ፣ ሌላውን ተቅማጥ ይዞት ይቀራል። ያገገሙት ሲመለሱ በዕረፍት ሰዓት «ምን ሰጡህ? ምን ጠጣሽ?» እያልን መጠያየቅ ጀመርን። አንዱ አጥሚት አለ፤ ሌላዋ ዝንጅብል በማር። ካርቱም የተወለደ አንድ ልጅ ደግሞ «ነሻ» ሲል ግማሻችን ሳቅን፤ ግማሻችን ግን «እኛም ቤት እንጠጣለን» አልን። እኛ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ከዚያ ቀን ጀምሮ ወላጆቻችንንና ጎረቤቶቻችንን ጠየቅን። የሰማነውንም ከሳይንስ ትምህርታችን ጋር እያስተያየን ለዓመቱ መጽሔታችን ይህን ጽሑፍ አዘጋጀን።

በመጀመሪያ አጥሚትን እንውሰድ። ከጠየቅናቸው እናቶች አብዛኞቹ በቅድሚያ የጠሩት እሱን ነው። የአጃ ወይም የገብስ ዱቄት በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል፤ ከዚያ በፈላ ውኃ ላይ እየተጨመረ እንዳይጓጉል ያለማቋረጥ ይማሰላል። ሲበስል ትንሽ ጨው፣ እንደየቤቱም ማር፣ ወተት ወይም ቅቤ ይገባበታል። አጥሚት ለአራስ ይሰጣል፤ ለታመመም ይሰጣል፤ ምክንያቱም አያስቸግርም። የምግብ ፍላጎቱ የጠፋ ሰው እንጀራ መጉረስ ቢያቅተው እንኳ አጥሚት ፉት ማለት ይችላል። ውኃ፣ ጨውና ኃይል ሰጪ ምግብ በአንድ ኩባያ ያገኛል ማለት ነው።

ችግሩ አጃ እዚህ እንደ አገር ቤት አለመገኘቱ ነው። በመተማና በገላባት በኩል ወይም በአውሮፕላን የሚመጣ ዘመድ ሲገኝ በላስቲክ ታስሮ ይመጣል። አልቆ ከሆነ እናቶቻችን በዱራ ዱቄት ይሠሩታል። እዚህ ላይ ነው አጥሚትና ነሻ የሚገናኙት። ነሻ ሱዳናውያን ከዱራ ወይም ከዱኽን ዱቄት የሚሠሩት ቀጭን ሙቅ ነው። ዱቄቱ ተቦክቶ ጥቂት ይኮመጥጣል፤ ከበሰለ በኋላ ስኳር ይገባበታል። በረመዳን ጾም ለመፍቻ ይጠጡታል፤ ለታመመና ለአራስም ይሰጡታል። አንዲት ጎረቤታችን፣ ሁላችንም «ሐቦባ» የምንላቸው፣ ነሻ በጣሳ ይዘው ወደ ታመመ ልጅ ቤት ሲመጡ የልጁ እናት አጥሚት እያማሰሉ ነበር። ሁለቱ ሴቶች አንዳቸው የሌላቸውን ቀምሰው «አንድ ነው እኮ!» ተባባሉ።

እንዲህ ያሉ ዘመዳሞች ሌሎችም አሉ። የእኛ አብሽ የሱዳኖቹ ሒልባ ነው፤ እነሱ ከእሱ የሚሠሩትን መዲዳ የሚባል ወፍራም ሙቅ ለአራስ ያበላሉ። የእኛ ፌጦ የእነሱ ረሻድ ነው። ጀበና በእኛ ማፍያው ሲሆን በእነሱ ማፍያውም ቡናውም ይባልበታል፤ ሱዳኖች ቡናውን በዝንጅብል ስለሚያፈሉት ጉንፋን የያዘው ሰው ደስ ብሎት ይጠጣዋል።

ስለ ጉንፋን ከተነሳ፣ በእኛ ቤቶች ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ማር አይጠፉም። ሻዩ በቁርንፉድና በቀረፋ ይፈላል፤ ጤና አዳም ያገኘም ቅጠሏን ቡናው ውስጥ ጣል ያደርጋል። ሱዳናውያን ደግሞ ጋራድ የሚሉትን የግራር ፍሬ ለጉሮሮ ሕመም አፋቸው ውስጥ ይይዙታል፤ ጭሱንም ይታጠኑታል። ከርከዴንም በሙቁ ይጠጣሉ። ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ስለሆነ ከእነዚህ አንዱም ቫይረሱን አይገድልም። ይሁን እንጂ ትኩስ ነገር ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ ማር ሳልን ያስታግሳል፤ ዝንጅብል ማቅለሽለሽን ይቀንሳል። ሰውነት ቫይረሱን እስኪያሸንፍ ድረስ በሽተኛውን ደግፎ ማቆየትም ትልቅ ሥራ ነው።

የዶሮ ሾርባ ታሪክም አስገርሞናል። ከ800 ዓመታት በፊት በካይሮ ሐኪም የነበረው ሙሳ ኢብን መይሙን የዶሮ መረቅን ለሕሙማን ይመክር ነበር። በ2000 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ የነብራስካ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ስቴፈን ሬናርድ ከባልደረቦቹ ጋር በባለቤቱ ቤተሰብ አሠራር የተሠራ የዶሮ ሾርባ በቤተ ሙከራ ፈተነ። ሾርባው አፍንጫና ጉሮሮ እንዲቆጣ የሚያደርጉትን የአንዳንድ ነጭ የደም ሴሎች እንቅስቃሴ ሲያዘገይ ታየ። ይህ የታየው በመሣሪያ ውስጥ እንጂ በታመመ ሰው ላይ ስላልሆነ «ሾርባ መድኃኒት ነው» ለማለት አያስደፍርም። ሆኖም እናቶች ያለምክንያት አልጀመሩትም።

ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ያገኘነው ስለ ተቅማጥ ስንጠይቅ ነው። ካርቱም ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ጤነኛው ሰው እንኳ በላብ ብዙ ውኃ ያጣል፤ ተቅማጥና ትውከት ሲጨመርበት ትንሽ ልጅ በሰዓታት ውስጥ ሊደክም ይችላል። ሱዳናውያን ለዚህ ከተበልዲ ዛፍ ፍሬ የሚዘጋጀውን ጎንጎሌስ የሚባል መጠጥ ይሰጣሉ። እኛ ዘንድ አጥሚት ወይም የሩዝ ውኃ ይሰጣል። ዋናው ግን ከፋርማሲና ከጤና ጣቢያ የሚገኘው ኦ.አር.ኤስ. የተባለው ዱቄት ነው።

የዚህ ዱቄት ምስጢር ጨውና ስኳር አብረው መሆናቸው ነው። ውኃ ብቻ ሲጠጣ የታመመው አንጀት በደንብ አይቀበለውም። ስኳር ሲኖር ግን ጨው ከስኳሩ ጋር ተያይዞ የአንጀትን ግድግዳ ያልፋል፤ ውኃውም ተከትሏቸው ይገባል። በ1971 እ.ኤ.አ. ከባንግላዴሽ ጦርነት ሸሽተው ሕንድ በገቡ ስደተኞች መካከል ኮሌራ ሲነሳና በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅ፣ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባል ሐኪም ጨውና ስኳር በውኃ አስበጥብጦ ለሕሙማኑ እንዲጠጣ አደረገ። ከመቶ ታማሚ 30 ያህሉ ይሞት የነበረበት መጠለያ ውስጥ የሟቾቹ ቁጥር ከመቶ ከ4 በታች ወረደ። ያስታምሙ ከነበሩት መካከል ብዙዎቹ የሕሙማኑ ቤተሰቦች ነበሩ።

ዱቄቱ ካልተገኘ በቤት እንዲህ ይዘጋጃል፦ 1 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ንጹሕ ውኃ፣ ልኩ የተስተካከለ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨው መብዛት የለበትም፤ አደገኛ ነው። ያስታወከው ልጅ ጥቂት ደቂቃ አርፎ በማንኪያ በማንኪያ ይሰጠዋል። ከአንድ ቀን ያለፈ ይደፋል፤ አዲስ ይበጠበጣል። የሚጠባ ሕፃን ጡቱን አያቋርጥም። ለታመመ ሰው የምንገዛው ለስላሳ መጠጥ ግን ስኳሩ ስለሚበዛ ተቅማጡን ሊያብሰው ይችላል። እኛም ይህን ሳናውቅ የታመመ ጓደኛችንን ስንጠይቅ ለስላሳ ይዘን እንሄድ ነበር።

አሁን ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያደረገንን ነገር እንንገራችሁ። ከእኛ መካከል አንዱ ራሱን ሲያመውና ብርድ ብርድ ሲለው ለእናቱ ሳይናገር ሁለት ቀን ትምህርት ቤት መጣ። እናቱ በመንገድ ዳር ሻይ ሸጠው ነው የሚያሳድጉት። «ካልኳት ሥራዋን ትታ ትውላለች፤ ፈተናም ደርሷል» ብሎ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማታ ሲያንቀጠቅጠው እናቱ ምች ነው ብለው ፌጦ በሎሚ አጠጡት፤ ሰውነቱን በነጭ ሽንኩርት አሹት። ጥቂት ላብ ሲያልበው የተሻለው መሰለ። ሲነጋ ግን ቆሞ መሄድ አቃተው። ጎረቤቶች በሪክሻ ወደ ሕክምና ወሰዱት፤ ደሙ ሲመረመር ወባ ሆነ። መድኃኒት ተሰጥቶት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ከእኛ ጋር ተቀምጦ ይጽፋል።

እናቱን የምንወቅስበት ምክንያት የለንም። ምች ሲባል የኖረ ነው፤ ዳማከሴውም ፌጦውም ከአያት የመጣ ነው። የወባ ትኩሳት ደግሞ ሲጀምር ከጉንፋንም ከምችም አይለይም፤ የሚለየው የደም ምርመራ ብቻ ነው። በሱዳን በብዛት የሚገኘው ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ነው፤ ሳይታከም ከቆየ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ከባድ ሕመም ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ በካርቱም የምንኖር ሰዎች ትኩሳት ሲይዘን አጥሚቱ እየተማሰለ ምርመራውም መደረግ አለበት። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ሌሎች ጥንቃቄዎችም ሰምተናል። ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም፤ በውስጡ ሊኖር የሚችል ጀርም በሕፃኑ አንጀት ውስጥ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። እርጉዝ ሴት ጤና አዳምን በብዛት መውሰድ የለባትም። አብሽ የደም ስኳርን፣ ከርከዴ ደግሞ የደም ግፊትን ሊያወርዱ ስለሚችሉ የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ሐኪማቸውን ቢጠይቁ መልካም ነው። የታመመ ሰው በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን እንዲበላና እንዲጠጣ ሃይማኖቱ ይፈቅድለታልና ልጆች «ጾም ነው» ብለን መድኃኒትና ምግብ አንተው። ተቅማጡ ደም ካለበት፣ የጠጣው ሁሉ ከወጣ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንት ካጣ ወይም ካንቀላፋና አልነቃ ካለ ቤት ውስጥ መጠበቅ አያስፈልግም።

መጠየቃችንን ስንጨርስ አንድ ነገር አስተዋልን። የጠየቅናቸው ሁሉ መጠጡን ሲነግሩን ያጠጣቸውን ሰው አብረው ያነሱ ነበር። አንድ አባት ጎንደር ያሉ እናታቸው ያፈሉላቸው የነበረውን የተልባ ውኃ ሲያወሩ ድምፃቸው ተቀየረ። ያ ልጅም ሕክምና ቤት ሳለ መድኃኒቱን ከዋጠ በኋላ የለመነው የእናቱን አጥሚት ነበር፤ ሐቦባ ግን ነሻ ይዘው ቀድመው ደረሱ፤ ሁለቱንም ጠጣ።

ወላጆቻችን ሆይ፣ አጃውን ከአገር ቤት ማስመጣታችሁን አታቋርጡ፤ አሠራሩንም አስተምሩን። እኛ ልጆችም የበኩላችን አለን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላልና፣ ፈተና ቢኖርም፣ እናታችን ሥራ ላይ ብትሆንም፣ ሲያመን በመጀመሪያው ቀን እንናገር።