ቆሞ የሚጠጣ መኪና፦ በዳሽቦርድ ቁጥር የእህቴን ልጅ የጠረጠርኩበት ወር

የጤፍና የሽንኩርት ዋጋ እንደተለመደው ማታ ይለቀቃል። አሁን ስለ ነዳጅ ላውራችሁ። የማደያውን ዋጋ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የማወራችሁ መኪናችን ሳይንቀሳቀስ ስለሚጠጣው ነዳጅ ነው። ይሄ ጉዳይ እኔን ከእህቴ ጋር ሦስት ሳምንት አኳርፎኛል።

ያሪስ አለችኝ፣ በኛ ሰፈር ቪትዝ የምትባለዋ። የእህቴ ልጅ በሜትር ታክሲ ይሰራባታል፤ ነዳጅ የምሞላው እኔ ነኝ፣ የቀኑን ገቢ እንካፈላለን። ዳሽቦርዷ ላይ በ100 ኪሎ ሜትር በአማካይ ስንት ሊትር እንደበላች የሚያሳይ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ሲያንስ ጥሩ፣ ሲጨምር መጥፎ ማለት ነው። እኔ አንድ እሁድ ደብረ ዘይት ደርሼ ስመለስ 6.7 አየሁ። በቃ፣ «የመኪናዬ ፍጆታ 6.7 ነው» ብዬ ደመደምኩ። ከወር በኋላ ልጁ መኪናዋን ሲያስረክበኝ ብመለከት 8.8 ይላል።

ጊዜው ደግሞ ነዳጅ ልብ የሚያደማበት ጊዜ ነው። ታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ላይ ቤንዚን በሊትር ከ91 ብር ከ14 ሳንቲም ወደ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ከገባ ወዲህ፣ ማደያ ሄጄ ስመለስ ፊቴ የሚፈታው ከሰዓት በኋላ ነው። እና ሳላስብ ተናገርኩ፦ «አንተ ልጅ፣ ነዳጁን እየቀዳህ ትሸጣለህ እንዴ?» አልኩት። ልጁ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ቀድቼ ብሸጥ ኖሮ ያ ቁጥር ንቅንቅ አይልም ነበር» ብሎኝ ወጣ። ያኔ መልስ ያጣ ሌባ የሚናገረው ንግግር መሰለኝ።

ነገሩ የገባኝ ጋራዥ ሄጄ ነው። መካኒኩ ጥያቄዬን ሲሰማ ሳቀብኝ። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው ታንከሩ ውስጥ ያለውን ነዳጅ አይደለም። ኢንጀክተሮቹ ስንት ጊዜ፣ ለምን ያህል ቅጽበት እንደተከፈቱ ቆጥሮ ወደ ሞተሩ የገባውን ነዳጅ ያሰላል፤ ከዚያ መኪናው ለሄደበት ርቀት ያካፍለዋል። ከታንከር በጎማ የተሳበ ቤንዚን በኢንጀክተር አያልፍም። ስለዚህ ልጁ በጀሪካን ቢሸጥ ኖሮ ዳሽቦርዱ 6.7 እያለ ማደያው ላይ የምሞላው ሊትር ነበር የሚበዛው። ቁጥሩ ራሱ የከፍ ማለቱ ነገር ነዳጁ ሞተሩ ውስጥ ነዶ ማለቁን የሚመሰክር ነው። እኔ ማስረጃ ብዬ የያዝኩት የልጁ መከላከያ ኖሯል!

ታዲያ የት ነደደ? መካኒኩ ስካነር ሰካና ሞተሩን በሚኒሞ አስነሳው፤ መኪናው ቆሞ ማለት ነው። ኤሲ ሳይበራ በሰዓት 0.6 ሊትር አካባቢ፣ ኤሲ ሲበራ ወደ 0.9 ደረሰ። ትንሽ ነው ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዛ ብያለሁ። ግን ሂሳቡን እዩት፤ ነዳጁ ይጨምራል፣ ኪሎ ሜትሩ ባለበት ነው። ከተማ ውስጥ በቀን 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና፣ በእንቅስቃሴ ላይ ብቻ በ100 ኪሎ ሜትር 6.5 ሊትር ቢበላ 3.9 ሊትር ይጨርሳል። በዚያው ቀን ሜክሲኮ ላይ ደንበኛ ጥበቃ፣ መገናኛ ላይ መብራት፣ ማደያ ላይ ሰልፍ ተደምሮ ሁለት ሰዓት ሞተሩ ሳይጠፋ ቢቆም፣ በመካከለኛ 0.7 ብንይዘው 1.4 ሊትር ይጨመራል። 5.3 ሊትር ለ60 ኪሎ ሜትር ሲካፈል በ100 ኪሎ ሜትር 8.8 ይመጣል። ያችው ቁጥር!

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ልጨምር። አማካዩ የሚቆጠረው ቁጥሩ ዜሮ ከተደረገበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ዛሬ ጠዋት ዜሮ አድርጋችሁ ቀጥታ ማደያ ሰልፍ ከገባችሁ፣ በአንድ ሰዓት 300 ሜትር ብትሄዱ ስሌቱ በ100 ኪሎ ሜትር ከ200 ሊትር በላይ ይሆናል። አንዳንድ መኪና 99.9 ላይ ደርሶ ይቆማል። «ሴንሰር ተበላሸ» ብላችሁ ብር እንዳታወጡ፣ ጤነኛ ነው። በተቃራኒው 1,000 ኪሎ ሜትር የሄደ አማካይ ላይ ያቺው የአንድ ሰዓት ቁመት 0.1 እንኳ አትጨምርም። የሁለት መኪና ቁጥር ስታወዳድሩ መጀመሪያ መቼ ዜሮ እንደተደረጉ ጠይቁ። ቆሞ የሚያልፈውን ጊዜ ከአማካይ ውጭ የሚያደርጉ መኪኖችም አሉ፤ ስለዚህ የጎረቤታችሁ 6 እና የናንተ 8 አንድ ቋንቋ ላይናገሩ ይችላሉ።

ማረጋገጫው ከሙሉ ታንከር እስከ ሙሉ ታንከር ነው። እኔ እስኪሞላ ቀዳሁ፣ ዜሮ አደረግኩ፣ ስድስት ቀን ራሴ ነዳሁ (ለቅጣትም ጭምር)። ሞተሩ ሳይጠፋ የቆምኩበትን ደቂቃ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። በስድስተኛው ቀን እዚያው ማደያ፣ እዚያው ፖምፓ ስመለስ 372 ኪሎ ሜትር፣ 32.5 ሊትር። ሲካፈል 8.7፤ ዳሽቦርዱ 8.5 ይላል። ዳሽቦርድ ትንሽ ማዳላቱ የተለመደ ነው። የቆምኩት ሰዓት ሲደመር 12። በ0.7 ሲባዛ 8.4 ሊትር! ያንን ስቀንሰው በእንቅስቃሴ ላይ ያለው ፍጆታ 6.5 ሆነ። ሊትሩን ለሂሳብ እንዲመች 120 ብር እንያዘው፣ እናንተ የማደያችሁን ዋጋ አስገቡበት፦ በስድስት ቀን 1,008 ብር አንድ ሜትር ሳያስኬደኝ ነደደ። ከዚያ ውስጥ ትልቁ ድርሻ ነዳጅ ለመቅዳት ስሰለፍ የነደደው ነው።

ቢጠፋስ? ሙቅ ሞተር ለማስነሳት የሚወጣው ነዳጅ በሚኒሞ 10 ሰከንድ ከመቆም አይበልጥም። ማደያ ሰልፍ ላይና ደንበኛ ስትጠብቁ አጥፉት። በሚንቀሳቀስ ትራፊክ መሀል ግን ተዉት፤ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑ ይደነድናል። ባትሪያችሁ ያረጀ ከሆነም እየተገፋችሁ እንዳትቀሩ።

በነካ እጄ፣ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በፍሪ የምትወርዱ ወንድሞች፦ ኢንጀክተር ባለው መኪና ቁልቁለት ላይ ማርሽ ገብቶ ቤንዚኑን ስትለቁ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ይዘጋዋል። በፍሪ ስትወርዱ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይጠጣል። ፍሬናችሁም ይግላል።

ለዚህ ቻናል ደግሞ የሚመለከተን ሌላ ጎን አለ። የረጅም መንገድ ከባድ መኪና በሚኒሞ በሰዓት ወደ 3 ሊትር ናፍጣ ይወስዳል። ኬላ ላይ ሌሊቱን ሞተሩን ሳያጠፋ ያደረ መኪና የናፍጣ ሂሳቡን ለጭነቱ ባለቤት ነው የሚያመጣው፤ እሱ ደግሞ ለአትክልት ተራ። ማታ ስለ ሽንኩርቱ ስናወራ አስታውሱኝ።

እህቴ ቤት ሄድኩ። ወረቀቱን ይዤ ነበር፣ 12 ሰዓቷን፣ 8.4 ሊትሯን። ልጁ አየውና «እኔ ስነግርህ ነበር ጋሼ» አላለም። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የሰልፉ ነዳጅ በማን ሂሳብ ነው የሚያዘው?» በእኔ አልኩት። እህቴ ቡናውን አቀረበች፣ ፊቷ ግን ገና አልተፈታም። ልጁ ሰኞ ጠዋት መጥቶ ቁልፉን ወሰደ፤ ከመነሳቱ በፊት አማካዩን ዜሮ አድርጎ በስልኩ ፎቶ አነሳው።